ኤሲ በየዓመቱ ጋዝ መሞላት አለበት ወይ? በድሬዳዋ ከሙቀቱ ወራት በፊት ስለሚደረግ ሰርቪስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ነዋሪነታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። በእናቴ መኝታ ቤት ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ስፕሊት ኤሲ፣ ማለትም የውስጥና የውጪ ማሽን ያለው፣ ካስገባን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግንቦት በገባ ቁጥር ማቀዝቀዙ ይደክማል። ባለሙያ ስንጠራ «ጋዙ አልቋል» ይለንና ይሞላልናል፤ ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ይሠራና መልሶ ይደክማል። የውጪው ማሽን የተሰቀለው ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ እንዲቀዘቅዝ ብለው በጎማ ውሃ ያርከፈክፉበታል። ማታ ማታ የመብራቱ ኃይል ሲወርድም አንዳንዴ ኮምፕሬሰሩ አልነሣም ይላል። ዘንድሮ ሙቀቱ ሳይገባ ሰርቪስ ላስደርግ አስቤያለሁ። መቼ ላስደርግ? ምን ምን መሠራት አለበት? ጋዝስ በየዓመቱ መሞላት አለበት ወይ?

ምላሽ፦ በመጨረሻ ያነሡትን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ የቀሩት ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዙ ናቸውና። ጋዝ በየዓመቱ መሞላት የለበትም። ጤነኛ ኤሲ ከተገጠመበት ቀን አንሥቶ አገልግሎቱን እስከሚጨርስበት ቀን ድረስ አንድ ግራም ጋዝ ሳይጨመርለት ሊሠራ ይችላል፤ የተሠራውም እንዲህ እንዲሆን ታስቦ ነው። በመዳብ ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ነዳጅ አይደለም። አይቃጠልም፣ በሥራ ብዛትም አያልቅም። የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጪ ያወጣል፣ ሙቀቱን እዚያ ጥሎ ይመለሳል፤ በሰውነታችን እንደሚዘዋወር ደም በዝግ መንገድ ሲመላለስ ይኖራል። ደም የጎደለበት ሕመምተኛ ሲመጣ ሐኪሙ የሚፈስበትን ቦታ ሳያስር ደም ብቻ ሰጥቶ እንደማያሰናብተው ሁሉ፣ «ጋዙ አልቋል» ያለ ባለሙያም ቀጥሎ ሊነግርዎ የሚገባው ጋዙ በየት በኩል እንደወጣ ነው። ይህን ሳይነግርዎ ሞልቶ ከሄደ፣ የከፈሉት ገንዘብ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ለሚወጣ ነገር ነው።

እርስዎ በገለጹት ሁኔታ ሁለት ነገሮችን እጠረጥራለሁ። አንደኛው እውነተኛ ነገር ግን ቀስ እያለ የሚያፈስ ቦታ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ጋዙ ጨርሶ ሳይጎድል ማሽኑ በአቧራ ታፍኖ፣ ባለሙያው ያንን የጋዝ እጥረት ብሎ ማንበቡ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚገኙበትም ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ለሚመጣው ባለሙያ የመጀመሪያ ቃልዎ «ጋዝ ሙላልኝ» ሳይሆን «አጥበህ፣ ለክተህ፣ ከዚያ ጋዝ ጎድሎ እንደሆነ የሚያፈስበትን ቦታ አሳየኝ» የሚል እንዲሆን እመክራለሁ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ዋጋ አለው፤ የቆሸሸ ማሽን ላይ የሚነበብ የጋዝ ግፊት ያሳስታልና።

አቧራው እንዴት እንደሚያሳስት ላስረዳ። የውስጡ ማሽን ፊልተር ሲደፈን በማቀዝቀዣው ፊን (ቱቦውን ከበው የተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች) ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል። አየር ሲቀንስ ጋዙ ከክፍሉ የሚቀበለው ሙቀት ያንሳል፣ በመመለሻው ቱቦ በኩል ያለው ግፊትም ይወርዳል። የግፊት መለኪያውን ጌጅ አስሮ ዝቅ ያለ ግፊት ያየ ሰው የአየሩን መንገድ ሳይመረምር ጋዝ ይጨምራል። ማሽኑ ከልክ በላይ ከተሞላ በኋላ ፊልተሩ ቢታጠብ፣ አሁን ደግሞ የውጪው ማሽን ትርፉን ጋዝ ለማስተናገድ ይጨነቃል፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ይግላል፣ ብዙ መብራት ይበላል፣ በግንቦት ቀትር ላይም ራሱን ያጠፋል። በጣም የሚያሳዝነው ቤተሰቡ ይህንን ሲያይ «እንደገና ጋዝ አለቀ» ማለቱ ነው። በውጪው ማሽን አጠገብ ባለው ቱቦ ወይም በውስጡ ማሽን ፊን ላይ በረዶ ከሠራም እንዲሁ ነው፤ በረዶ የጋዝ ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ የአየር ማነስ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በረዶ ካዩ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው በሪሞቱ ማራገቢያውን ብቻ ያሠሩት፤ እስኪቀልጥ ይጠብቁ፣ ፊልተሩን ይጠቡ፣ ከዚያ በኋላም በረዶው ከተመለሰ ባለሙያ ይጥሩ።

እጥበቱ ሲባል ብዙ ጊዜ ፊልተሩ ብቻ ወጥቶ ይራገፍና ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። የፊልተሩን ማጠብ ግን የቤቱ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ነው፤ ለእሱ ባለሙያ አያስፈልግም። ባለሙያው የሚጠራው ከፊልተሩ ኋላ ላለው ነገር ነው። አንድ ነገር ራስዎ ማየት ይችላሉ፦ ኤሲውን ከብሬከሩ ያጥፉ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበትን ክንፍ በእጅዎ ቀስ ብለው ዝቅ ያድርጉና በስልክዎ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ረጅም፣ በርሜል መሰል ማራገቢያ ያያሉ፤ በዙሪያው በቁመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ምላጮች አሉት። እነዚያ ምላጮች ንጹሕ ከሆኑ ጠርዛቸው ጥርት ብሎ ይታያል። ቆሽሾ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ምላጭ ጉድጓድ ውስጥ ግራጫ፣ ጠጉር ያለው የሚመስል አቧራ ተጋግሮ፣ አንዳንዱ ላይ ጥቁር ሻጋታ ጠብ ጠብ ብሎ ያገኙታል። የምላጩ ጉድጓድ ሲሞላ ማራገቢያው እየተሽከረከረ አየር አይገፋም፤ ድምፁ አለ፣ ነፋሱ ግን የለም። የእናትዎ ክፍል ውስጥ ኤሲው «እየሠራ» የማያቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሻጋታው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ለሚተነፍሱት ለእናትዎ ጤና ጥሩ አይደለም።

ይህን በትክክል ለማጠብ ባለሙያው የፊት ሽፋኑን ፈትቶ፣ በቀኝ በኩል የሚገኘውን የኤሌክትሪክ ቦርድ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከማሽኑ ሥር ውሃውን ወደ ባልዲ የሚያወርድ የፕላስቲክ ከረጢት ማንጠልጠል አለበት። ከዚያ ለኤሲ የተዘጋጀ ማጽጃ ተረጭቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በመጠነኛ ግፊት ውሃ ይታጠባል። መኪና የሚታጠብበት ኃይለኛ ፓምፕ ቀርቦ ከተተኮሰ ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ፊኖች ይተኛሉ፤ የተኛ ፊን ደግሞ አየር አያሳልፍም። ወደ ባልዲው የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ እንደ ጭቃ ጠቁሮ ይመጣል። ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ እጥበቱ አላለቀምና አጠገቡ ሆነው ባልዲውን ይመልከቱ። በዚያው አጋጣሚ የውሃ መውረጃው ቱቦ በውሃ ተገፍቶ መከፈቱን፣ ቁልቁለቱም ሳይቆለመም ወደ ውጪ መሆኑን ያረጋግጥ። በደረቁ ወራት የሚወርደው ውሃ ጥቂት ስለሆነ መደፈኑ አይታወቅም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ነው ውሃው በግድግዳው ላይ መውረድ የሚጀምረው።

አሁን ወደ ውጪው ማሽን ልምጣ፤ በእርስዎ ቤት ትልቁ ጉዳይ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በቅድሚያ ልጆቹ ውሃ ማርከፍከፋቸውን እንዲያቆሙ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ውስጡ 220 ቮልት አለ፤ የኧርዝ መስመሩ መኖሩ ባልተረጋገጠበት ማሽን ላይ ልጅ እርጥብ ጎማ ይዞ ቆሞ ውሃ ሊረጭበት አይገባም። ሁለተኛው ምክንያት የውሃችን ጠባይ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራነቱ የከበደ ውሃ ነው፤ የሻይ ጀበና ወይም የውሃ ማሞቂያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ከእኛ ከተማ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ያ ውሃ በጋለ ፊን ላይ ሲረጭ ወዲያው ይተናል፣ ኖራው ግን እዚያው ይቀራል። በየቀኑ ሲደጋገም ፊኑ ነጭ ልባስ ለብሶ ሙቀት ማውጣት ያቅተዋል፤ ኖራ እንደ አቧራ በውሃ አይለቅም፣ በአሲድ ይለቀቅ ቢባልም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ልጆቹ ማሽኑን ለመርዳት የሚያደርጉት ነገር በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ያደርስበታል ማለት ነው። የሰርቪስ እጥበት ከዚህ ይለያል፤ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ከብሬከር ተቆርጦና ቀዝቅዞ፣ የላይኛው ክዳን ተነሥቶ፣ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጪ ተደርጎ ይታጠባል። ከውጪ ብቻ መርጨት አቧራውን በፊኖቹ መካከል ወደ ውስጥ ያሽገዋል እንጂ አያወጣውም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋና የመንገዱ ብናኝ የተቀላቀለበት የእኛ አቧራ ደግሞ ሲርስ ጭቃ፣ ሲደርቅ ልጥፍ ይሆናል።

ማሽኑን ከፀሐይ ማስጠለል ግን ተገቢ ሐሳብ ነው፤ መንገዱ ውሃ አይሁን እንጂ። የአብዛኞቹ ኤሲዎች አቅም የሚለካው የውጪው አየር 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ነው። በማሽኑ ጎን በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ቲ1 የሚል ምልክት ካለ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 43 ዲግሪ ድረስ ባለ የውጪ ሙቀት እንዲሠራ የታሰበ ነው ማለት ነው፤ ቲ3 የሚለው ለበረሃማ አገር ታስቦ እስከ 52 ዲግሪ የሚደርስ ነው። የከተማችን አየር በግንቦትና በሰኔ 35ን ደርሶ ሲያልፍ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፀሐይ በመታው የብሎኬት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማሽን ዙሪያውን የሚያገኘው አየር ከዚያም እጅግ የበለጠ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ፊት የወጣ ጥላ፣ ቆርቆሮ ወይም ሸራ፣ ያሠሩለት። ጥላው ማሽኑን የሚያፍን ሳጥን እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ፦ ከፊት ለፊቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፣ ከኋላውም ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ። የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ጥላው ከፀሐይዋ የባሰ ጉዳት አለው። ጥላ ቢደረግለትም የማይበቃው ከሆነና አንድ ቀን ቱቦው ለሌላ ሥራ የሚፈታ ከሆነ፣ ማሽኑን ወደ ሰሜኑ ወይም ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ማዛወሩን ያስቡበት። ቱቦው የሚረዝም ከሆነ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በየሜትሩ የሚጨመር ጋዝ ስላለ ይህም በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአሥር በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ያንሳል፤ ስለዚህ ፊኖቹ ላይ ያለ ቆሻሻ ጂቡቲ ላይ ከሚያደርሰው ይልቅ እኛ ጋ ቶሎ ይሰማል። ንጽሕናው ላይ ይህን ያህል የምጫነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከታጠበና ከተለካ በኋላም ጋዝ ጎድሎ ከተገኘ፣ የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ሩቅ አይደለም። ከውጪው ማሽን ጎን ሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች በነት የሚታሰሩበት መጋጠሚያ አለ፤ ተመሳሳዩ ከውስጡ ማሽን ኋላም አለ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕሬሰሩን ዘይት በጥቂቱ ይዞ ስለሚወጣ፣ ነቱ ዙሪያ ዘይት የጠጣ፣ ቡናማ ሆኖ የተጋገረ አቧራ ካዩ፣ በጣትዎ ሲነኩትም የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ምልክቱን አግኝተውታል። በአቧራማ ከተማችን ይህ ምልክት ከመሣሪያ እኩል ያገለግላል። ባለሙያው በሳሙና አረፋ ያረጋግጠው፤ አረፋው ቀስ እያለ ካበጠ ቦታው እሱ ነው። ጥገናው የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና በትክክል ከፍቶ፣ ነቱን በልኩ ማጥበቅ ሊሆን ይችላል። ነቱን በጉልበት ብቻ ማጥበቅ መዳቡን ያሳሳዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይሰነጠቃል።

ከጥገናው በኋላ ቱቦው በናይትሮጅን ተሞልቶ ግፊቱ ሳይወርድ መቆየቱ ይታያል። ቀዳዳው ጥቃቅን ከሆነ ሌሊቱን ማሳደር ያስፈልጋል። በዚህ ቦታ ላይ ማስጠንቀቂያዬን ከልብ ይቀበሉኝ፦ ናይትሮጅን የለም ተብሎ በምትኩ ከብየዳ ቤት የመጣ የኦክስጅን ሲሊንደር እንዲታሰር ፈጽሞ አይፍቀዱ። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። ኦክስጅን ይዞ የመጣ ሰው ሌላው ሥራው ሁሉ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ከበር ይመለስ።

ቀጥሎ ቫኪዩም፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መምጠጥ ነው። ብዙዎች ይህን ደረጃ ዘልለው፣ ጥቂት ጋዝ ለቀቅ አድርገው አየሩን «ገፍተው አወጣን» ይላሉ። አየሩ ቢወጣ እንኳ በቱቦው ግድግዳ ላይ የቀረው እርጥበት አይወጣም፤ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም የኮምፕሬሰሩን ጥቅል ሽቦ ቀስ እያለ ይበላዋል። ቫኪዩም ፓምፕ ታስሮ፣ ቢቻል በዲጂታል መለኪያ ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ) በታች እስኪወርድ ድረስ ይሠራ፤ ከዚያ ፓምፑ ተዘግቶ መርፌው ተመልሶ አለመውጣቱ ይታይ። ለሚመጣው ባለሙያም የሚጠቅም ነገር ልጥቀስ፦ በእኛ ከፍታ ላይ መደበኛው ባለ መርፌ ጌጅ ሙሉ ቫኪዩም ላይ እንኳ 30 ኢንች አያነብም፤ 26 ገደማ ላይ ይቆማል። ይህ የፓምፑ ድክመት አይደለም፣ የከተማዋ ከፍታ ነው።

በመጨረሻም ጋዙ በሚዛን ይሞላ። በውጪው ማሽን ጎን የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፏል። የእርስዎ ማሽን ዕድሜው አራት ዓመት ስለሆነ አር 410ኤ ወይም አር 32 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አር 22 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት እየተወገደ ያለ የቀድሞ ጋዝ ነው። አንዱን በሌላው ላይ መጨመር አይቻልም። የአር 410ኤ ግፊት ከአር 22 በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣልና የአንዱ ጌጅና የጌጁ ቱቦ ለሌላው አይሆንም። አር 32 ደግሞ በመጠኑ ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ስለሆነ ሲጋራና የብየዳ እሳት በማይኖርበት፣ መስኮት በተከፈተበት ቦታ ይሠራ። አር 410ኤ የሁለት ጋዞች ድብልቅ በመሆኑ ሲሞላ ሲሊንደሩ ተገልብጦ በፈሳሽነቱ ይወጣል። ባለሙያው ጌጅ ብቻ ይዞ ሚዛን ካልያዘ፣ ማሽኑም ኢንቨርተር ከሆነ፣ የሚሞላው በግምት ነው፤ የኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ፍጥነቱን እየለዋወጠ ስለሚሠራ ግፊቱም ከደቂቃ ደቂቃ ይለዋወጣል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በማሽንዎ ውስጥ ስንት ግራም እንደገባ የሚያውቅ ስለሌለ፣ የኔ ምክር ያለው ጋዝ ወደ መሰብሰቢያ ሲሊንደር ወጥቶ፣ ቫኪዩም ተደርጎ፣ በተጻፈው ልክ አዲስ እንዲሞላ ነው። ወጪው በአንድ ጊዜ ሲታይ ይበዛል፤ በየዓመቱ ከሚሞላው ጋር ሲነጻጸር ግን ያነሰ ነው።

ማታ ኮምፕሬሰሩ አለመነሣቱ ከጋዝ ጋር የማይገናኝ የራሱ ጉዳይ አለው። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፣ ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ 180 ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የሚያጉረመርም ድምፅ እያሰማ ሳይነሣ የሚቆይ ኮምፕሬሰር ሽቦውን እያቃጠለ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ማታ፣ ሰው ሁሉ መብራትና ምጣድ በሚለኩስበት ሰዓት፣ ኮምፕሬሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት ይለካ፤ ቀን ላይ ብቻ የተለካ ቮልቴጅ የእርስዎን ችግር አያሳይም። ከ198 በታች የሚወርድ ከሆነ ለኤሲው አቅም የሚበቃ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚይዘው ትንሹ አይበቃም። ኮምፕሬሰሩ ኢንቨርተር ካልሆነ ሞተሩ እንዲነሣ የሚረዳው ካፓሲተርም ይለካ። በማይክሮፋራድ ከተጻፈው ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ወይም ጭንቅላቱ ካበጠ ይቀየር፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ የምዕራብ ግድግዳ ሙቀት ቶሎ ይጨርሰዋል። ከተቋረጠ በኋላም ክምችት ስለሚይዝ ልጆችም እርስዎም እንዳትነኩት። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ኤሲው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ እንዲነሣ የሚያደርግ የቮልቴጅ መከላከያ ይታሰርለት፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ከተነሣ ኮምፕሬሰሩ ይቆልፋል። ባለሙያው የውጪውን ማሽን የኤሌክትሪክ ክዳን ሲከፍት የሽቦ መጋጠሚያዎቹን ያጥብቅ፣ የከሰለ ካለ ይቀይር፣ ጉንዳንና እንሽላሊት የሚገቡበትንም ቀዳዳ ይድፈን። ሞቃት ቦርድ ላይ የተጠለለች አንዲት እንሽላሊት ሙሉ ቦርድ ስታቃጥል ማየት በዚህ ከተማ የተለመደ ነው። ኧርዙ መኖሩም በቴስተር ተለክቶ ይታይ እንጂ ሽቦው መታየቱ ብቻ አይብቃ።

መቼ ላስደርግ ላሉት፣ የካቲት መጨረሻና የመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንታት የተሻሉ ናቸው። ኅዳር ላይ ከታጠበ የበጋው አቧራ እስከ ግንቦት ይከማችበታል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደግሞ ባለሙያው ከቤት ቤት የሚሯሯጥበት፣ ለአንድ ማሽን የሚሰጠው ጊዜ የሚያጥርበት ወቅት ነው፤ ናይትሮጅን ታስሮ ይደር ቢሉት እሺ አይልዎትም። ሐረር የሚኖሩ ሰዎች ስለዚህ ሁሉ ሳያስቡ ዓመቱን ቢገፉ የከተማቸው ከፍታ ፈቅዶላቸው ነው፤ እኛ ግን ቀድመን ካልተዘጋጀን ሙቀቱ ከገባ በኋላ ጊዜ አይሰጠንም። ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉትና እጥበቱ በጠዋቱ ይጠናቀቅ፤ ልኬቱ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ሲግል ይደረግ። ኤሲው 15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ወደ ውስጡ ማሽን በላይ በኩል የሚገባውንና በታች በኩል የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ፣ በእኛ ደረቅ አየር ከዚያም ትንሽ ቢበልጥ፣ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚስበው አምፔርም በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸር። ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ከቀኑ፣ ከቮልቴጁና ጋዝ ከተጨመረም ከግራሙ ጋር በወረቀት ላይ አስጽፈው በፊት ሽፋኑ ውስጥ ያኑሩት። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ባለሙያ፣ ሌላ ሰውም ቢሆን፣ ከግምት ሳይሆን ከዚያ ወረቀት ይነሣል። ዋጋ ሲስማሙም የእጥበቱና የጋዙ ዋጋ ለየብቻ ይነገር፤ ተጠቃሎ ሲነገር ጋዝ ባይጎድልም ጋዝ ይሞላል።

ልዩነቱ ደኅና ሆኖ ክፍሉ ካልቀዘቀዘ ግን ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ወይም ኮርኒሱ ስስ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከላይ እየወረደ 12,000 ቢቲዩ ሊቋቋመው የማይችለው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከላከል ነገር ማንጠፍ፣ በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት ከውጪ በኩል ማስጠለል፣ ከትልቅ ኤሲ ግዢ አስቀድሞ የሚታሰብ ነው። ሪሞቱን 16 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ እንዲሠራ ብቻ ያደርጋል። ለአዛውንት 25 ወይም 26 ላይ አድርጎ፣ ነፋሱ በቀጥታ አልጋው ላይ እንዳያርፍ ክንፉን ወደ ላይ ማቅናት፣ አስፈላጊ ከሆነም ቬንቲሌተር በዝቅተኛ ፍጥነት መጨመር ይሻላል። ኤሲው እስኪሠራ ድረስ ወይም መብራት በጠፋ ጊዜ እናትዎ ውሃ ቶሎ ቶሎ እንዲጠጡና ቀትሩን ቀዝቃዛ በሆነው የቤቱ ክፍል እንዲያሳልፉ ያድርጉ።

መስከረም አልፎ ሙቀቱ ሲቀንስ፣ ኤሲውን ከማሳረፍዎ በፊት ለግማሽ ቀን ያህል ማራገቢያውን ብቻ አሠርተው ውስጡን ያድርቁት፤ ሻጋታው የሚበቅለው እርጥብ ሆኖ በተዘጋው ማሽን ላይ ነው። ከዚያ ከብሬከሩ ያጥፉት፣ የሪሞቱን ባትሪ ያውጡ፣ የውጪውን ማሽን ግን በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ እርጥበት ያፍናል፣ ለአይጥም ቤት ይሆናል።